መስቀለኛ ምልክት

ባሕር ዛፎቼን የጨረሳቸው በሽታ አይደለም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ በሰፈራችን ታሪኩን የሚያወራ ሰው ሁሉ ከበሽታው ስለሚጀምር ነው። በሽታውማ ምስኪን ነበር፤ ቅጠል ከማሳበጥ ያለፈ ሥራ አልሠራም። ዛፎቼን የጨረሷቸው ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ከባለሙያ አፍ የወጣ አንድ ቃልና የወንድሜ ደግነት ናቸው። ሦስቱም እስከ ዛሬ ይመሰገናሉ።

ዛፎቹን የተከልኳቸው አረብ አገር ከመሄዴ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ቦታው ጋፋት፣ ከአባታችን መሬት ጫፍ፣ በሬ የማይዞርበት ተዳፋት ነበር። ገብስና ጤፍ የሚያበቅለው ደልዳላው ለወንድሜ ሲደርስ ለእኔ ያ ድንጋያማ ጥግ ተሰጠኝ፤ እንደ ትልቅ ስጦታም ተመረቅኩበት። ችግኙን ራሴ ተሸክሜ፣ ጉድጓዱን ራሴ ቆፍሬ ተከልኩ። ከዚያ ሄድኩና የሰው ቤት ወለል ስወለውል ኖርኩ። እመቤቲቱ ግድግዳው ላይ የጣት ምልክት አገኘሁ ብላ ስትጮህብኝ እኔ የማስበው ዛፎቼ የት እንደደረሱ ነበር። ይኼኔ ወገቤ ደርሰዋል፣ ይኼኔ ራሴን አልፈዋል፣ ይኼኔ ጣራ ያክላሉ እያልኩ። ቤት እሠራባቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ። እዚያ የምተኛበት ክፍል ቁልፍ አልነበረውም፤ ልጆቹም እናትየዋም በፈለጉት ሰዓት ይገቡ ነበር። ስለዚህ ከቤቱ ሁሉ አብዝቼ የማስበው ስለ ቁልፉ ነበር።

ስመለስ ወንድሜ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱን አገር ስለሚያውቀው ደግሞ ከእሱ ጋር ተከራክሮ የሚረታ የለም። ሚስቱም ክፉ አይደለችም። ግን ሰው በመጣ ቁጥር «እንግዳችን ናት» ትላለች። በተወለድኩበት ቤት፣ እትብቴ በተቀበረበት ጓሮ፣ የመጣው ሰው ከነእናቴ ከነአባቴ እያወቀኝ። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይላል። ዓመት ሲያልፈው ግን ያው ቃል መቼ ነው የምትሄጅው ማለት ይሆናል። ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ነጠላ ጫማና ሻሽ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ፤ ጠዋት በባጃጅ እሄዳለሁ፣ ማታ «እንግዳችን መጣች» ወደምባልበት እመለሳለሁ። ዛፎቹ ለቋሚም ለማገርም ደርሰዋል። ፋሲካ አልፎ ማስቆረጥ ብቻ ነበር የቀረኝ።

በዚያ በጋ ቅጠሉ መጨማደድ ጀመረ። የቅጠሉ ጅማት ላይ ሰሊጥ የሚያህል እብጠት ወጣ፤ ጫፉም እየደረቀ መጣ። የእኔ ብቻ አልነበረም። እስከ ገሳይ ድረስ መንገድ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ ፊቱ ገርጥቷል። ፈራሁ፤ ለዓመታት በልቤ የሠራሁት ቤት ቆሞ ሊደርቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ አሁን ልቁረጠው ወይስ ይቆየኝ? ቅጠሉን አገላብጦ ቁረጭ ወይም ተይው የሚለኝ ሰው ነበር የፈለግኩት። የመጣልኝ አውሮፕላን ነው።

ያኔ ድሮን የሚባለው ነገር በእኛ ዘንድ የሚታወቀው የሀብታም ሠርግ ሲቀርጽ ብቻ ነበር። ሰው ድምፁን ሲሰማ ቀና ብሎ ይስቅ ነበር። ከድሮኑ ጋር የመጣው ባለሙያ ከላይ እስከ ታች ኪስ ብቻ የሆነ ሰደርያ ለብሷል። ኪሶቹ ውስጥ ምን እንዳለ እስከ መጨረሻው አላወቅኩም፤ እስክሪብቶ ሲያስፈልገው እንኳ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ነው የተዋሰው። በሽተኛ ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ቆርጬ ይዤለት ቀረብኩ።

«ይኸው፣ እየው» አልኩት።

«እኅቴ፣ ዛፍን ከሥር ሆኖ መመርመር ቀርቷል» አለኝ። «ከሰማይ ሲታይ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው።»

«ቅጠሉንስ አታየውም?»

«ለናሙና እንወስደዋለን» አለና መኪናው ኮፈን ላይ እንዳስቀምጠው በአገጩ አመለከተኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ነፋስ ወስዶ ጣለው። አንሥቼ ለፍየል ሰጠሁት፤ ፍየሏም አሽትታ ተወችው።

ድሮኑ ሲነሣ የጋፋት ሰው ተሰብስቦ ነበር። በአንድ ወቅት ነጋሢ መድፍ ያሠራበት መንደር ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ባለ ሙያ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ እንግዳ ሲመጣ ይህን ሳይናገሩ አያልፉም። ድሮኑ እንደ ንብ እየጮኸ ወጥቶ ከተዳፋቱ በላይ መመላለስ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አሞራ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ላይ ተነሥቶ ተከተለው። ባለሙያው ሰደርያው እየተርገፈገፈ ከታች ይሮጣል፤ ረዳቶቹ «አውርደው፣ አውርደው» ይላሉ። ሰዉ የሚደግፈው አሞራውን ነበር። እኔም አሞራውን ደግፌአለሁ፤ ቢሳካለት ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጠሩን። አልዋሽም፣ ያምራል። የወንድሜ ማሳ፣ ወንዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም ከላይ ሲታይ የተጣጠፈ ልብስ ይመስላል። የእኔ ጥግ የእጅ መሐረብ ታክላለች። ከፊሏ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ከፊሏ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ሻሽ ገርጥቷል።

«የታመመው ቀዩ ነው?» አልኩት።

«አይደለም፤ ቀዩ ጤነኛው ነው» አለኝ። «ካሜራው የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ያያል። ጤነኛ ቅጠል ያንን ብርሃን አብዝቶ ይመልሰዋል፤ ፎቶው ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል። የታመመው ይፈዝዛል።»

ይህን እንኳ በደንብ አስረዳኝ። ሰው እንዲህ አስተካክሎ ማስረዳት እየቻለ ያን ሁሉ ጥፋት እንዴት እንደሚያጠፋ ነው የማይገባኝ። «እና ልቁረጣቸው ወይስ ይቆዩ?» አልኩት ደግሜ።

«የታመሙት ተቆርጠው እዚያው ይቃጠላሉ፤ ወደ ሌላው እንዳይዛመት። ጤነኞቹ ይቆያሉ።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ግማሹ ለሁለት ክፍል ይበቃል። ያን ቀን ሱቄ ስመለስ መንገድ ላይ የብረታ ብረት ሱቅ ገብቼ የበር ቁልፎችን አገላብጬ አይቻለሁ። ባለ ሱቁ በሩ የምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ገና አልተሠራም አልኩት፤ ሳቀብኝ።

ችግሩ የመጣው ፎቶውን ይዘው ወደ ዛፎቹ ሲወርዱ ነው። ፎቶው የሚያሳየው አናት ነው፤ መጥረቢያ የሚያርፈው ግንድ ላይ ነው። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ከመካከላቸው ያሰበበት አልነበረም። የትኛው አናት የየትኛው ግንድ እንደሆነ ባለሙያው በያዘው ታብሌት ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ትነግረናለች ተባለ። ነጥቧ አንዴ የወንድሜ ገብስ ውስጥ ትቆማለች፣ አንዴ ወንዙን ተሻግራ ትሄዳለች። «ሳተላይት እየፈለገ ነው» ይላል ባለሙያው፤ እኛም ሳተላይት እስኪገኝ ፀሐይ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ ረዳቶቹ አንገታቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው «ይሄኛው ነው፣ አይ ያኛው ነው» እያሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ታብሌቱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ቀና እያሉ በዓይናቸው አይተው፣ ቅጠሉ ገረጣ ያለውን ዛፍ ሁሉ ሲባጎ አሰሩበት። ለዚህ ለዚህማ እኔም ዓይን ነበረኝ።

ሲባጎ የታሰረባቸውን በቀለም የሚያደምቅ ሰው ከመንደራችን ተጠርቶ ነበር። ቤተ ክህነት ያደገ፣ ድቁና ተቀብሎ የነበረ፣ አሁን የሱቅ ስምና የቤተ ክርስቲያን መስኮት በመቀባት የሚኖር ጨዋ ሰው ነው። ቆርቆሮውን ሲከፍት ቀለሙ ቀይ መሆኑን አየሁ።

«ፎቶው ላይ ቀይ ጤና አልነበረም?» አልኩት ባለሙያውን።

«እኅቴ፣ ይሄ ሌላ ነው። ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው» አለኝ፤ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ከዚያ ወደ ቀለም ቀቢው ዞሮ «ሲባጎ ያለባቸው ላይ መስቀለኛ ምልክት ታደርግባቸዋለህ» አለው።

«መስቀል?» አለ ቀለም ቀቢው።

«አዎ፣ መስቀለኛ። ጎላ ብሎ ከሩቅ የሚታይ ይሁን።»

ይህን ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ፤ የምሳ ሰዓት አልፎበት ነበር። እሱ በልቡ የያዘው ተማሪ ሲሳሳት መምህር ደብተሩ ላይ የሚያደርገውን ኤክስ ነው። ኤክስ ቢለው ኖሮ እኔ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ኤክስን ሕፃን ያውቀዋል። ግን በመንግሥት ሥራ ላይ አማርኛ ማሳመር ግድ ነው፤ ሰው ሲናገር እንደ ደብዳቤ ካልተናገረ የተማረ አይመስልም። እኔም ቃሉን ቆሜ ሰማሁት፤ መስቀለኛ መንገድ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ስንል ስለምንኖር ምንም አልመሰለኝም። ሱቄን ልከፍት ሄድኩ።

ለቀለም ቀቢው ግን መስቀል ማለት መስቀል ነው። ሲባጎ በታሰረበት ግንድ ሁሉ ላይ፣ ክንዱ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ፣ ሥሩ መቆሚያ ያለው፣ ካህን የሚያሳልመውን የመሰለ መስቀል ሣለ። ከአንዱ አንዱ አይበልጥም፤ አንዱም አልተንሻፈፈም። ይህንን ያየሁት በኋላ ነው፣ ከረፈደ።

መቁረጡን ወንድሜ «አንቺ ሥራ አለብሽ፣ እኔ አሠራዋለሁ» ብሎ ተረከበኝ። የሚቆረጡት ምልክት ያለባቸው መሆናቸውን የሚያውቅ መስሎኝ አልነገርኩትም። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ገበያው ደርቶ ቀና ማለት አቅቶኝ ዋልኩ። ወደ ማታ በባጃጅ ስመለስ ከተዳፋቱ በኩል ጢሱን አየሁ። የታመሙት እየነደዱ ነው ብዬ እፎይ አልኩ፤ ለባጃጁ ልጅ ሳይቀር በኩራት ነገርኩት።

ስደርስ ባለ መስቀሎቹ ቆመዋል። ጤነኞቹ፣ ቀጥ ያሉት፣ ስንቱን ሌሊት በልቤ አንድ በአንድ የገነባኋቸው፣ ተዘርረውና ተከምረው ይነዳሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ እንደ ቤንዚን ተያይዞ ግንዱን ሁሉ ጠብሶታል። ለማገዶ እንጂ ለቋሚ የሚሆን አልተረፈም። ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ።

«ወንድም ዓለም፣ ምን አደረግክ?» አልኩት።

«የታመሙትን አቃጠልኩልሽ።»

«የታመሙትማ እነዚያ ቆመዋል።»

ወንድሜ ወደ ቀያዮቹ መስቀሎች ዞረና ጋቢውን አስተካከለ። «እነሱማ የታቦቱ ናቸው። መጥረቢያ እንዴት ላሳርፍባቸው?»

«ማነው የታቦቱ ናቸው ያለህ?»

«መስቀል ተደርጎባቸው የለ እንዴ። ከአረብ አገር በሰላም ብገባ ብለሽ ተስለሽ ኖሯል። ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ፣ እኅት ዓለም። ሳየው እንባዬ መጣ።»

አልቅሷል፣ እውነቱን ነው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ከጢሱ ብቻ አይደለም። ቆራጮቹም መጀመሪያ ጫማቸውን አውልቀው መስቀሎቹን አንድ በአንድ ተሳልመዋል። ከዚያ ጫማቸውን አድርገው ቤቴን ቆረጡት።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ስለቴ ለሕዝብ ተነገረ። እልል ተባለ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ፤ የወንድሜ ሚስት ከጎኔ ቆማ የእኔን እጅ ይዛ እልል አለች። እንግዳችን ያላለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው እስኪበተን ጠብቄ ወደ ቄሱ ቀረብኩ።

«አባ፣ እኔ አልተሳልኩም» አልኳቸው። «እነዚያ የታመሙ ዛፎች ናቸው። ምልክቱ የቢሮ ምልክት ነው።»

«እንዳይወራልሽ ፈልገሽ ነው ልጄ። ይህም ትሕትና ነው።»

«ትሕትና አይደለም አባ፤ እውነቱን ነው የምነግርዎ።»

«እንዲህ ማለትሽም ከትሕትና ነው» አሉና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉት።

እንዲህ ያለ ክርክር አረብ አገር እንኳ አልገጠመኝም። እዚያ የሰደበኝ ሰው እየሰደበኝ መሆኑን ያውቀው ነበር። ከዚህ በላይ ብናገር ለታቦት የሰጠችውን መልሳ ልትወስድ ነው ይሉኛል፤ እንደዚያ ከተባልኩ ደግሞ ጋፋት ውስጥ ሻሽ የሚገዛኝ ቀርቶ እሳት የሚያውሰኝ አላገኝም። አፌን ያዝኩ። ቀለም ቀቢውን ብቻ መንገድ ላይ አግኝቼ ምነው አልኩት። «መስቀል አድርግ አሉኝ፣ አደረግኩ። ከፋ እንዴ?» አለኝ። አልከፋም፣ ያምራል ብዬው አለፍኩ።

ባለሙያው ከክረምቱ በኋላ ድሮኑን ይዞ ተመለሰ፤ የሥራውን ውጤት ሊያይ ነው። የታመሙት ዛፎቼ በዝናቡ አገግመው፣ ያበጠውን ቅጠል አራግፈው፣ አዲስ አውጥተው ቆመዋል። ፎቶው ላይ ሁሉም እንደ በርበሬ ቀልተው ታዩ። ልቡ እስኪጠፋ ደስ አለው።

«አየሽ እኅቴ፤ የታመሙትን በጊዜ በማስወገዳችን ጤነኞቹ ተረፉ።»

«የተወገዱት ጤነኞቹ ናቸው» አልኩት። «የቆሙት የታመሙት ናቸው። ሂድና ግንዱ ላይ መስቀሉን እየው።»

ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። ለመውረድ አንድ እርምጃ አላነሣም። «ፎቶው ይህን አያሳይም» አለኝ። እርግጥ ነው አያሳይም። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሆነው በመስታወት ተሠርተው ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ በፊት የገረጣ፣ በኋላ የቀላ። የእኔ ቤት በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው ያለው። ለጉዳይ እዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ እያደነቀ ያልፋል።

በቀጣዩ በጋ ቤተ ክርስቲያኑ ባለ መስቀሎቹን ቆርጦ በአጥሩ መግቢያ ላይ ደጀ ሰላም ሠራባቸው፤ መንገደኛ የሚያርፍበት፣ አሮጊቶች ዝናብ የሚጠለሉበት። ሲቆም አይቼዋለሁ። ሁለት ክፍል ይሆናል፤ ከእኔ ሐሳብ ሰፋ ይላል እንጂ አያንስም። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። የቀለም ቀቢው መስቀሎች እንዳይጠፉ ብለው ቋሚዎቹን ሳይልጧቸው አቆሟቸው። የእኔ ጥግ ላይ ደግሞ ጉቶው እያቆጠቆጠ ነው፤ ወንድሜ በዚያ ባለፈ ቁጥር «አየሽ፣ ስለትሽ ሠመረ» ይለኛል። እንጨት እስኪሆን ስንት ዓመት እንግዳ ሆኜ እንደምቆይ ግን አይነግረኝም።

ባለፈው ነሐሴ በደብረ ታቦር በዓል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ዶፍ ዝናብ ያዘኝ። ደጀ ሰላሙ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ውስጡ ሞልቷል፤ ጃንጥላና እርጥብ ጋቢ ይሸታል። እዚያ ከመግባት ብበሰብስ ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ገብቼበት አላውቅም። አንዲት አሮጊት ግን አዩኝና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ግቢ ልጄ» አሉኝ። «ምን ደጅ ያቆምሻል? እንግዳ መሰልሽ እንዴ።»

አላወቁኝም። ከሌላ አጥቢያ የመጡ ናቸው። ደሜ ፈላ፣ ልመልስላቸውም ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ጠብ የሚያስነሣ ነገር አልተናገሩኝም። ገባሁና ጀርባዬን ለአንዱ ቋሚ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሻካራው ልጥ በነጠላዬ አልፎ ተሰማኝ። ይህን እንጨት ችግኝ ሆኖ በአንድ እጄ ይዤው ነበር። እያለቀስኩ መሆኑን ያወቅኩት አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ሲጠርጉልኝ ነው፤ ዝናብ መስሏቸው።

ዝናቡ ሲያባራ ሰዉ ወጣ። አሮጊቷም መርቀውኝ ሄዱ። ብቻዬን ስቀር ተነሥቼ ወደ መግቢያው ሄድኩ፤ ከልማድ የተነሣ እጄ መዝጊያውን ፈለገ። ደጀ ሰላም መዝጊያ የለውም።